ተማሪዎች ለጥናት ጽሑፍ ዊኪፔዲያን ሲጠቀሙ፦ እንከልክል ወይስ እናስተምር?

መምህር ከመሐል ሜዳ

ጤና ይስጥልኝ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በቡድን ሆነው ስለ አካባቢያቸው ከስምንት እስከ አሥር ገጽ የሚሆን ጥናት እንዲያቀርቡ ታዘዋል። ርዕሶቹ የአንኮበር ቤተ መንግሥት፣ የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ፣ የደብረ ብርሃን አመሠራረት፣ የመንዝ ወረዳዎች የሕዝብ ቁጥር ለውጥ የመሳሰሉ ናቸው። የመጀመሪያው ረቂቅ ሲሰበሰብ አብዛኛው ከዊኪፔዲያ የተወሰደ ነው፤ ገሚሱ ከእንግሊዝኛው የተተረጎመ፣ ገሚሱ ከአማርኛው እንዳለ የተገለበጠ።

በመምህራን መካከል ሁለት ሐሳብ አለ። አንደኛው ወገን «ማንም ገብቶ የሚጽፍበት ነገር በጥናት ውስጥ ስሙም አይነሣ» ይላል። ሌላው «ከታወቀው መዝገበ ዕውቀት ከብሪታኒካ እኩል መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል» ብሎ ይከራከራል። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስለ አካባቢው የያዘው መጽሐፍ ጥቂት ነው፤ ኔትወርኩም አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ዝም ብሎ መከልከል ልጆቹን ባዶ እጃቸውን ማስቀረት ነው። ተማሪው ሊከተለው፣ መምህሩም ሊያርመው የሚችል ሕግ እንዴት ይውጣ? የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልኝ ውለታ ነው።

ማጣቀሻ ክፍል

መምህር፣ ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ ድረ ገጹ በጅምላ ነው። በጅምላ መልስ የለውም። የሚታመነው ወይም የማይታመነው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም ከሥሩ በተጠቀሰው ምንጭ ልክ ብቻ።

«ከብሪታኒካ እኩል ነው» የሚባለውን በቅድሚያ ላጥራው። ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት በ2005 እ.ኤ.አ. ከሁለቱ መዝገበ ዕውቀቶች በ42 የሳይንስ ርዕሶች ላይ የተጻፉትን ወስዶ፣ የትኛው ከየት እንደመጣ ሳይነግር ለየዘርፉ ባለሙያዎች ሰጠ። ከባድ ስሕተት በሁለቱም አራት አራት ተገኘ። ትንንሽ ስሕተቶችና ግድፈቶች በዊኪፔዲያ 162፣ በብሪታኒካ 123 ሆኑ፤ ለአንድ ጽሑፍ ሲካፈል አራትና ሦስት ገደማ ማለት ነው። ብሪታኒካ በ2006 የጥናቱን አሠራር በጽሑፍ ተቃውሟል፣ ኔቸርም በውጤቱ ጸንቷል። እንግዲህ ይህ ጥናት ስለ ሳይንስ ብቻ፣ ስለ እንግሊዝኛው ብቻ ነው፤ ያውም ከተሠራ ወደ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ስለ ሞላሌ ወይም ስለ ጣርማ በር ለተጻፈ የስድስት መስመር ገጽ ምስክር ሊሆን አይችልም።

የመጀመሪያውን ወገን የሚደግፍ ደግሞ ከራሱ ከዊኪፔዲያ የሚገኝ ነገር አለ። በመመሪያው ላይ ራሱን አስተማማኝ ምንጭ አድርጎ አይቆጥርም፤ አዘጋጆቹም አንዱን ገጽ ለሌላው ገጽ ማስረጃ አድርገው እንዲጠቅሱ አይፈቅድም። ስለዚህ ተማሪው በዋቢ ዝርዝሩ ላይ «ዊኪፔዲያ» ብሎ መጻፉ ድረ ገጹ ራሱ ስለ ራሱ ከሚለው ጋር ይጋጫል።

ተማሪዎቹ የሚለማመዱት አሠራር ይህ ይሁን። ለምሳሌ የደብረ ብርሃንን አመሠራረት እንውሰድ። ገጹ ላይ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ከተማውን እንደመሠረቱ፣ ብርሃኑም የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን እንደሚችል ይነበባል። ተማሪው ይህን አንድ ነገር አድርጎ ይገለብጠዋል። ውስጡ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ብርሃን መታየቱ የቤተ ክርስቲያንና የዜና መዋዕል ትውፊት ነው። የሃሌይ ኮከብ በ1456 እ.ኤ.አ. መታየቱ በሥነ ፈለክ ስሌት የተረጋገጠ ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ግን የኋላ ጸሐፊዎች ግምት ነው። ስለዚህ ተማሪው ለእያንዳንዱ ክፍል የግርጌ ቁጥሩን ተጭኖ ምንጩን ይፈልግ፤ ለሦስተኛውም «ተብሎ ይገመታል» የሚለውን እንዳይጥል። ቁጥር የሌለው ዓረፍተ ነገር ካጋጠመው ፍንጭ አድርጎ ይያዘው፣ በጽሑፉ ውስጥ ግን አያስገባው።

ቁጥሩ ሲጫን ከሚመጡት አንዱ የሞተ ሊንክ ነው። ያን ጊዜ አድራሻውን ቀድቶ የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ውስጥ መለጠፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ የድሮው ቅጂ እዚያ ተቀምጦ ይገኛል። መጽሐፍ ሆኖ የገጽ ቁጥር ከተጻፈለት ጥሩ ምልክት ነው፤ የገጽ ቁጥር ከሌለው አስቸጋሪ ነው፣ ሦስት መቶ ገጽ ውስጥ የት እንደሚፈለግ አይታወቅም። የድሮ መጻሕፍት ደግሞ በነጻ ይገኛሉ። በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ በ1844 በሦስት ቅጽ ያሳተመው መጽሐፍ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ሙሉውን ይነበባል። ስለ አንኮበር የሚጽፍ ቡድን ስለ ሃሪስ የተጻፈውን ትቶ የሃሪስን ገጽ ራሱን ማየት ይችላል፤ ሰውየው ውል ሊዋዋል የመጣ የመንግሥቱ ወኪል መሆኑንም እያስታወሰ ያንብበው።

እዚህ ላይ ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው ተማሪው የግርጌ ዝርዝሩን ሳይከፍት ቀድቶ የራሱ ዋቢ ሲያደርገው ነው። ላይ ላዩን የሚያምር ዝርዝር ይወጣል፤ አንዱን መጽሐፍ ያየው ግን የለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቡድን ከዋቢዎቹ የሦስቱን፣ የተጠቀመበትን ገጽ ፎቶ ወይም ስክሪንሾት ከጽሑፉ ጋር ያያይዝ። መምህሩ ይመርጣል እንጂ ቡድኑ አይምረጥ። ምንጩን ማግኘት ካልቻሉ ደግሞ «በእገሌ እንደተጠቀሰው» ብለው የሁለተኛ እጅ መሆኑን ይናገሩ።

ሌላው፣ «በሦስት ድረ ገጽ ላይ አገኘሁት» የሚለውን ማስረጃ ቶሎ አትመኑ። የዊኪፔዲያ ጽሑፍ ምንጩ እስከተገለጸ ድረስ በነጻ እንዲገለበጥ የተፈቀደ ስለሆነ ብዙ ድረ ገጾች፣ የጉዞ ድርጅቶችና የፌስቡክ ገጾች እንዳለ ይለጥፉታል። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሰጠው መልስም ከዚያው ይቀዳል። ከአንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ቃል መርጦ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቶ መፈለግ ነው። ቃል በቃል ከወጣ ሦስቱ ምንጮች አንድ ናቸው። አንዳንዴም ክቡ ይዘጋል፤ ጋዜጣ ከዊኪፔዲያ ይወስዳል፣ በኋላ ዊኪፔዲያ ያንኑ ጋዜጣ ማስረጃ ያደርጋል። ይህን የሚፈታው የሁለቱን ቀን ማነጻጸር ነው፦ ዓረፍተ ነገሩ ገጹ ላይ የገባው ጋዜጣው ከመውጣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ዘተጉለት

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው በሰሜን ሸዋ ርዕሶች ላይ በተለይ የሚያሳስቱትን ነው፤ ምክንያቱም ስሕተቱ የሚፈጠረው ገጹ ስለዋሸ ሳይሆን ተማሪው ቁጥሩን በትክክል ስላላነበበው የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

የሕዝብ ቁጥር። በወረዳዎቻችን ገጾች ላይ ያለው አኃዝ በአብዛኛው የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ውጤት ነው። ለምሳሌ ለደብረ ብርሃን ከተማ 65,231 የሚል ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ልክ ነው፣ የዚያን ጊዜ ቁጥር ስለሆነ። ተማሪው «የከተማዋ ሕዝብ 65,231 ነው» ብሎ በአሁን ጊዜ ሲጽፈው ግን ስሕተት ይሆናል። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ስለተራዘመ ከዚያ ወዲህ ያለ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። ስለዚህ አዲስ የሚመስል አኃዝ ሲገኝ «ቆጠራ» ሳይሆን «ትንበያ» ተብሎ ይጻፍ፣ ያወጣውም መሥሪያ ቤትና ዓመተ ምሕረቱ ይጠቀስ።

ስለ ቁጥር ለውጥ የሚጽፈው ቡድን የበለጠ ይጠንቀቅ። በ1987ቱና በ1999ኙ ቆጠራዎች መካከል የወረዳ ወሰን ተለውጧል። የቀድሞው ጌራ ምድርና ቀያ ገብርኤል ወረዳ ለሁለት ተከፍሎ መንዝ ጌራ ምድርና መንዝ ቀያ ገብርኤል ሆኗል፤ ላሎ ማማ ምድርም እንዲሁ መንዝ ላሎ ምድርና መንዝ ማማ ምድር ተብሏል። የድሮውን ሰፊ ወረዳ ቁጥር ከአዲሱ ከፊል ወረዳ ቁጥር ጋር ያነጻጸረ ተማሪ ሕዝቡ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ ብሎ ይደመድማል፤ ከዚያም ለቅነሳው ድርቅ፣ ስደት እያለ ምክንያት ይፈልጋል። ትክክለኛው መንገድ የሁለቱን አዲስ ወረዳዎች ቁጥር ደምሮ ከድሮው ጋር ማስተያየት ነው።

ሁለት ሰሜን ሸዋ አለ። አንዱ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው የአማራ ክልሉ ዞን፣ ሌላው ዋና ከተማው ፍቼ የሆነው የኦሮሚያ ክልሉ ዞን። ፍለጋ ላይ «ሰሜን ሸዋ» ብሎ የገባ ልጅ የአንዱን አኃዝ ለሌላው ሊጽፍ ይችላል። ደብረ ሊባኖስ ገዳም በሁለተኛው ውስጥ ነው። የገጹን ርዕስ እስከ ቅንፉ ድረስ ማንበብ ነው።

አሁን ወደ ዘመን አቆጣጠር፤ ከሁሉ የሚከፋው ይኸው ነው። ብዙ ልጆች የፈረንጁን ዓመት ሲቀይሩ ስምንት ብቻ መቀነስ ያውቃሉ። ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ አንድ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ለሚውል ነገር ይሠራል። ከመስከረም አንድ ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው ግን የሚቀነሰው ሰባት ነው። ሁለቱን ቆጠራዎች እዩ። አንዱ በኦክቶበር 1994፣ ሌላው በሜይ 2007 እ.ኤ.አ. ተካሄዱ። የመጀመሪያው በእኛ ጥቅምት 1987 ነው፤ ስምንት የቀነሰ 1986 ብሎ ይሳሳታል። ሁለተኛው ግንቦት 1999 ነው። የመጀመሪያውን የሳተ ተማሪ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ያለውን ዘመን አስራ ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ያደርገዋል፤ ትክክሉ አሥራ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ነው። በዚያ ላይ የሠራው ዓመታዊ የእድገት መጠን ሁሉ ይዛባል።

ከዚህ ረቀቅ ያለም አለ። የእንግሊዝኛው ገጽ የዐድዋ ጦርነት የተካሄደው ማርች 1 ቀን 1896 ነው ይላል። እኛ ግን በየዓመቱ በዓሉን የምናከብረው የካቲት 23 ነው፤ የካቲት 23 ደግሞ ዛሬ በፈረንጁ ማርች 2 ላይ ይውላል። ይህን ያየ ተማሪ «ዊኪፔዲያ በአንድ ቀን ተሳስቷል» ብሎ ይጽፋል። አልተሳሳተም። ፈረንጆቹ 1900ን ያለ ፌብሩዋሪ 29 አሳልፈውታል፣ የእኛ አቆጣጠር ግን በዚያ አካባቢ የምትውለውን ስድስተኛዋን ጳጉሜን አልዘለለም። ስለዚህ ከዚያ በፊትና በኋላ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ይለያያል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በትክክል ማርች 1 ቀን 1896 ነው። በዚሁ ምክንያት በአንጎለላ የተወለዱት የዐፄ ምኒልክ ልደት፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.፣ ኦገስት 17 ቀን 1844 ይሆናል፤ በስልክ ላይ ያለ ቀላል የቀን መቀየሪያ የዛሬውን ርቀት ይዞ ኦገስት 18 ሊላችሁ ይችላል። ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት ያለ ቀን ሲሆን ዓመተ ምሕረቱን ጭምር የሚጠይቅ መቀየሪያ ብቻ ተጠቀሙ።

አማርኛው ገጽ ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። አንዱ ጸሐፊ ዓ.ም. ሲል የእኛን፣ ሌላው ከእንግሊዝኛ የተረጎመው የፈረንጁን ይዞ «እ.ኤ.አ.» ማለቱን ሊረሳው ይችላል። አንድ ገጽ ውስጥ ሁለቱ ተደባልቀው ሲገኙ የታወቀ ክስተት ፈልጋችሁ ፈትሹ። ዐድዋ 1888 ተብሎ ከተጻፈ ያ አንቀጽ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ 1896 ካለ በፈረንጁ ነው።

አርታኢው

ስለ አማርኛው ዊኪፔዲያ ልናገር። ወደ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ አለው፤ እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ። ዋናው ልዩነት ግን ከጽሑፉ ቁጥር ይልቅ ገጹን የሚጠብቀው ዓይን ነው። በእንግሊዝኛው ስድብ ወይም ቀልድ የገባ እንደሆነ ክሉቦት የሚባለው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ ይመልሰዋል፤ አወዛጋቢ ገጾች ላይም የቁልፍ ምልክት አለ፣ አካውንቱ አራት ቀን ያልሞላው ወይም አሥር እርማት ያልሠራ ሰው አይነካቸውም። በአማርኛው አዘጋጆቹ ጥቂት ስለሆንን የተበላሸ ነገር ሳይታይ ረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በአማርኛው ገጽ ላይ ታሪኩን ሳያዩ ምንም አይውሰዱ።

ታሪኩን ማየት ቀላል ነው። በስልክ ከሆነ ወደ ገጹ ግርጌ ወርዶ «ለመጨረሻ ጊዜ የታረመው» የሚለውን መስመር መጫን፤ በኮምፒውተር ከሆነ ከላይ «ታሪክ» የሚለውን። ሦስት ነገር ይታይ። ጽሑፉ በስንት ሰው ተጽፏል? አንድ ሰው ብቻ ጽፎት ከዓመታት በፊት የቆመ ገጽ የአንድ ሰው ማስታወሻ ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛ፣ አኃዝ ብቻ የተቀየረበት፣ ምክንያት ያልተጻፈበት እርማት አለ? 1,200 የነበረው 12,000 ሆኖ ምንጩ ግን ያው ከሆነ የድሮውን ይመኑ፣ ምንጩንም ይክፈቱ። ሁለት እትሞችን መርጦ «አነጻጽር» ሲባል የተለወጠው ቃል በቀለም ይወጣል። ሦስተኛ፣ «ውይይት» የሚለው ገጽ። አዘጋጆች የተጣሉበት ጉዳይ እዚያ ተዘርዝሮ ይገኛል፤ ለታሪክ ተማሪ ከዋናው ገጽ የሚበልጥበት ጊዜ አለ፣ ምክንያቱም የትኛው ነጥብ አከራካሪ እንደሆነ ይነግረዋል። እንግሊዝኛው ላይ የጽሑፉ የጥራት ደረጃም እዚያው ተጽፏል፤ «ስተብ» የተባለ ገና ጅማሬ ነው፣ ኮከብ ያለው ደግሞ በጥብቅ ተገምግሟል።

ፍለጋ ላይ ፊደል ያሳስታል። ዐድዋ፣ አድዋ፣ ዓድዋ፤ ሣህለ፣ ሳህለ፤ ዐፄ፣ አጼ። በአንዱ ያልተገኘ ገጽ በሌላው ሊገኝ ይችላል፤ ሦስት አራት ዓይነት ሳይሞክሩ «የለም» አይበሉ።

ተማሪው የትኛውን እትም እንዳየ ካልመዘገበ መምህሩ ማረጋገጥ አይችልም፤ ገጹ ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል። በታሪኩ ዝርዝር ላይ ቀኑን ሲጫኑት የዚያ ቀን እትም ይከፈታል፤ አድራሻው ቋሚ ነው፣ እሱን ይቅዳ። አንድ ጥንቃቄ ደግሞ ለመምህራን፦ ተማሪ ገጹን ራሱ አርሞ መልሶ እንደ ማስረጃ ሊያቀርበው ይችላል። እርማቱ የገባበትን ቀን ከምደባው ቀን ጋር ማየት ይበቃል።

ደነባ

ከሁሉም ጋር እስማማለሁ፤ በአንድ ነገር ግን ጠበቅ እላለሁ። በመጨረሻው ዋቢ ዝርዝር ላይ ዊኪፔዲያ ጭራሽ አይግባ፣ ለፍቺ ወይም ለዳራም ቢሆን። ልጁ እዚያ መጻፍ ከተፈቀደለት ወደ ግርጌው አይወርድም። ይልቁንስ ለብቻው የሥራ ማስታወሻ ይኑረው፤ የጀመረበት ገጽ፣ የእትሙ ቀን፣ ከዚያ ያገኘው ምንጭ፣ ምንጩ ውስጥ የተገኘው ወይም ያልተገኘው ነገር። ከ20 ማርክ 8ቱን ለዚህ ማስታወሻ ስጡ፤ ያን ጊዜ ልጁ «ገጹ የሚለው ምንጩ ውስጥ የለም» ብሎ መጻፍ እንደሚያስመሰግነው ያያል።

ከዊኪፔዲያ ቀጥሎ የት እንደሚሄዱም ይነገራቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ በነጻ ይከፈታል። ለጓሳ ቡድን በ2005 እ.ኤ.አ. በሂውማን ኢኮሎጂ መጽሔት የወጣው የዘላለም ተፈራና የሊደር ዊሊያምስ ጥናት ሕዝቡ ጓሳን በጋራ የሚጠብቅበትን ባህላዊ የቀሮ ሥርዓት በቀጥታ ያጠና ነው። ለታሪኮቹ ደግሞ ባለ አምስት ቅጹ ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ አለ፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ የጸሐፊው ስም ያለበት ስለሆነ ለመጥቀስ ይመቻል። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ካለው የሚፈለገውን ርዕስ ገጽ ብቻ ማስገልበጥ ይቻላል።

መምህር ከመሐል ሜዳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የደነባን የማስታወሻ ሐሳብና የሦስት ገጽ ፎቶውን አጣምሬ እወስዳለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረ። ኔትወርክ በማይኖርበት ሳምንት ኪዊክስ በሚባለው ያለ ኢንተርኔት በሚሠራው መተግበሪያ ቢጠቀሙስ?

ማጣቀሻ ክፍል

ለንባብ ጥሩ ነው፣ ለማጣራት ግን ጎዶሎ ነው። የእንግሊዝኛው ፋይል ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት ይበልጣል፤ ለኮምፒውተር ክፍል ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ያስፈልገዋል። የአማርኛው በጣም ትንሽ ስለሆነ በስልክ ሚሞሪ ካርድ ይያዛል። በፋይሉ ውስጥ ግን የእርማት ታሪኩም የውይይት ገጹም አይመጡም፤ የግርጌ ቁጥሮቹ ይኖራሉ፣ ሊንኮቹ ያለ ኔትወርክ አይከፈቱም። በተጨማሪ ፋይሉ የተዘጋጀበት ወርና ዓመት በስሙ ላይ ስለሚጻፍ ተማሪው ያንን እንደ እትም ቀን ይመዝግብ። ኔትወርክ በሌለበት ሳምንት ያንብቡ፣ ሊጠቀሙበት ከፈለጉት ዓረፍተ ነገር ጎን የግርጌውን ምንጭ ሙሉ ስም በእጅ ይጻፉ። ኔትወርክ ሲመጣ ዝርዝሩን ይዘው በቀጥታ ወደ ምንጮቹ ይሂዱ፣ ገጹን እንደገና በመፈለግ ጊዜ እንዳያጠፉ። ሃርድ ዲስኩን በየመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ አንድ ሰው ደብረ ብርሃን ሲወርድ ቢያድሰው ይበቃል።